ከጉሮሮ ሕመም በኋላ አንገት ውስጥ የሚረጋ ደም፦ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እዚህ ጅቡቲ፣ እኔ በምኖርበት ሆዳን ሰፈር፣ ስደተኛው ጉሮሮውን ሲያመው ዝንጅብል በማር ይጠጣል፤ ካልተሻለው ፋርማሲ ገብቶ ኪኒን ይገዛል። አብዛኛው ሰው በዚሁ ይድናል። ይህን የምጽፈው በዚህ ስለማይድን፣ እምብዛም ስለማያጋጥም ግን ሊገድል ስለሚችል ሕመም ነው።

ምንድን ነው?
የለሚዬር በሽታ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ለሚዬር በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ 20 ሕሙማን ጽፎ ነበር፤ 18ቱ ሞተዋል። ያኔ አንቲባዮቲክ ገና አልተስፋፋም። ፉዞባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ከጉሮሮ ተነስቶ፣ ከጭንቅላት ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን የአንገት ሥር ያቆስላል። እዚያ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም እየተቆራረሰ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በብዛት የሚይዘው ጤነኛ ወጣቶችን ነው።

ምልክቶቹ
ጉሮሮ ካመመ ከቀናት በኋላ፦
- አንገት በአንድ ጎን ማበጥና መታመም
- ከፍተኛ ትኩሳትና የሚያንቀጠቅጥ ብርድ
- ደረት መውጋትና ትንፋሽ ማጠር

ብርዱን «ወባ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ሕክምናው
በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። ዋናው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ በኋላ በኪኒን ይቀጥላል፤ ጠቅላላው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን እንፈራለን። ብዙውን ጊዜ ግን የሚሠራው ቶንሲል አካባቢ ወይም አንገት ውስጥ የቋጠረውን መግል ማውጣት ነው። መግሉ ሳንባ ዙሪያ ከሆነ በቱቦ ይወጣል። የታመመውን ሥር ማሰር ወይም ቆርጦ ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መድኃኒቱ እየተሰጠ ኢንፌክሽኑ አልበርድ ሲል፣ ወይም የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ካላቆመ። አንዱ ሥር ቢታሰር በሌላው ጎን ያለው ሥር ሥራውን ይሸፍናል።

አታድርጉ
ያበጠ አንገት ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ አታሳሹ፤ የረጋው ደም ሊላቀቅ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም መፍትሔ አይደለም፤ ራሱ መድማትና ኢንፌክሽን ያመጣል።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ
ፔልቲዬም ሆነ ሌላ ሐኪም ቤት ፈረንሳይኛ ካስቸገራችሁ፣ የሚያማችሁን ጎን በእጃችሁ እያሳያችሁ እንዲህ በሉ፦
- «ዤ ማል ኦ ኩ» — አንገቴን ያመኛል
- «ዤ ድ ላ ፊዬቭር» — ትኩሳት አለኝ
- «ዤ ደ ፍሪሶን» — ያንቀጠቅጠኛል

ጉሮሯችሁን ያመማችሁ መቼ እንደሆነና የወሰዳችሁትን ኪኒን ስምም ንገሯቸው። ወረቀታችሁ አልተስተካከለም ብላችሁ ቤት አትቀሩ፤ ይህ በሽታ ቀን አይሰጥም።