ምነው ከሳህ?

የእኛ ሰው ሰላምታ ሚዛን አለው። ገና ተሳስመን ሳንጨርስ ዓይናችን ከጉንጭ እስከ ወገብ ይመዝናል። «ወፈርክ እኮ! ተመችቶሃል!» ከተባለ ምርቃት ነው፤ «ተመስገን» ተብሎ ይታለፋል። «ምነው ከሳህ?» ከተባለ ግን ጥያቄው ሌላ ሦስት ጥያቄ አዝሏል፤ ምን አጣህ? ማን ሞተብህ? ምን ያዘህ? ዛሬ ሐኪም «ክብደትህን ቀንስ» ብሎ የሚያሰናብተው ሰው በየከተማው በዝቷል። ቀንሶ ሲያበቃ በዓመቱ ወደ ነበረበት የሚመለሰውም ብዙ ነው። ሰዉ ይህን የወኔ ማነስ ያደርገዋል። እኔ ግን ከወኔ በፊት ይህቺን ጥያቄ መመርመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለዚህ ደግሞ ከአንኮበር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና መናገሻቸው እሷ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ ከሾጣጣ ኮረብታ አናት ላይ ነበር። በኋላ ሥፍራው ላይ በድሮው አምሳል ሎጅ ተሠርቶ ነበር፤ ከጎረቤላ ተነስቶ እዚያ ለመውጣት የሞከረ የከተማ ሰው መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ቆሞ «እይታው ደስ ሲል!» ይላል። እይታውማ ደስ ይላል፤ ያቆመው ግን ትንፋሹ ነው። ከሥር በቆላው በኩል አልዩ አምባ አለች፤ ከታጁራና ከዘይላ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፍባት ገበያ። የአንኮበር ሰው ጨውም ሆነ ጥጥ ሲፈልግ ወደዚያ ይወርዳል። ወርዶም አይቀር፣ ተሸክሞ ይወጣል። ውሃው በእንስራ፣ እንጨቱ በጀርባ ነው። «ሰውነቴን ላንቀሳቅስ» የሚል ሰው አልነበረም፤ ዳገቱ ያንቀሳቅሰዋል። ማዕዱም የደጋ ማዕድ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ባቄላና አተር።

ታዲያ የሚወፍረው ማን ነበር? በበቅሎ የሚወጣውና ግብር የሚቀመጠው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1844 አንጎለላ ተወልደው፣ የሸዋ ንጉሥ ሆነው አንኮበር ከርመው፣ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ሲወርዱ የግብሩን ሥርዓት ይዘው ወርደዋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ያበሉ ነበር። ግን ሁሉም እኩል አይበላም። መጀመሪያ መኳንንቱ ከደህናው ብልትና ከጠጁ ይቀርባሉ፤ ከዚያ በየማዕረጉ ይቀጥላል፤ ተራው ወታደር የሚገባው በመጨረሻው ዙር ነው። የአንድ ሰው ሆድ በየትኛው ረድፍ እንደሚቀመጥ ይናገር ነበር ማለት ነው። ቦርጭ ማዕረግ ነበር፤ ያውም ካባ የማይሸፍነው ማዕረግ።

በዚህ ላይ ረሃቡ አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፣ ማረሻው ቆመ፣ ድርቁና አንበጣው ተከተለ፣ ሕዝቡ አለቀ። ሰሜን ሸዋ ከ1977ቱ ድርቅም አላመለጠም። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የወጣ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ምክር አንድ ቃል ነው፤ «ብላ!» ጉርሻችን ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት።

ያም አልበቃ ብሎ ኤድስ መጣ። በሽታው በሀገራችን ከታወቀበት ከ1978 ዓ.ም. አንስቶ፣ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስከጀመረበት ድረስ ያሉትን ዓመታት የሚያስታውስ ሰው፣ መክሳት ምን ማለት እንደነበር አይጠፋውም። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ያጠበበ ሰው በሠፈሩ ሹክሹክታ ይነሳበታል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ዓይን ይከተለዋል። በጤናው የቀጠነ ሰው ሁሉ ራሱን ማስረዳት ነበረበት፤ ባያስረዳ ይሻለው ነበር፣ ባስረዳ ቁጥር ይበልጥ ይጠረጠራል።

ነገር ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሰው ምግብ እምቢ ብሎ ተከብሮ የሚያድርበት አንድ በር ነበረ፤ ጾም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩበት ለምእመናኑ የታዘዘው ብቻ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። በይፋት በኩል ያለው ሙስሊምም ረመዳን አለው። በእርግጥ ጾም የታዘዘው ሰው እንዲከሳ አይደለም፤ የነፍስ ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። በሁዳዴ «ቅቤ አልበላም» ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልግም። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ድስቱ ይለያል፣ ጎረቤት ጉርሻ ይዞ አይመጣም፣ እናትም «ምነው ከሳህ?» አትልም። አንድ ሰው ብቻውን ቢሞክረው በሳምንቱ የሚፈታውን ነገር ሕዝብ በሙሉ በየዓመቱ ሳይሰለች ያደርገዋል። ዛሬ ዛሬ የጾሙ ማዕድ ራሱ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ፣ በሳምቡሳና በዳቦ ታጅቦ ስለሚቀርብ ጾሞ የሚወፍር ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ያ ሌላ ወሬ ነው።

እንግዲህ ዳገቱ ምን ሆነ? ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ጊዜ የደሴን መንገድ በደብረ ብርሃን አሳልፎ ጣርማ በርን በዋሻ በሳው። ቀድሞም ቤተ መንግሥቱ የሄደባት አንኮበር ከዋናው መንገድ ውጪ ቀረች፤ ደብረ ብርሃን አደገች። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የከተሙባት ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች አሏት፣ ከበር እስከ በር የሚያደርስ ባጃጅ አላት። በጠላ ጋን ይገባ የነበረው ገብስ በጠርሙስ ይወጣል። መጥፎ ነው አልልም፤ በእንስራ ውሃ ስትቀዳ ለኖረች ሴት ቧንቧ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዳገቱን አይናፍቅላትም። ቁጥሩ ግን ይናገራል። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። በከተማ ብቻ ሲታይ ከመቶ 21 ደርሷል። በዚያው በ2016 ደግሞ ከመቶ 22ቱ ሴቶች ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ አንዷ «ብዪ»፣ ሌላዋ «ተዪ» መባል አለባት፤ ምክራችን ግን አንድ ዓይነት ነው።

«ደጋ ያቀጥናል» የሚል ሰው ካለ እሱም ተሞክሯል። የጀርመን ሐኪሞች 20 ወፍራም ወንዶችን 2,650 ሜትር ከፍታ ላይ ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው፣ የፈለጉትን እንዲበሉ ቢፈቅዱላቸው ኪሎ ተኩል ያህል ቀንሰው ወረዱ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍታ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ በደብረ ብርሃን ቢራ ቤቶች ያየሁትን ቦርጭ ሁሉ ባላየሁ!

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ምኒልክ በመቅደላ የቴዎድሮስ እስረኛ በነበሩበት ዘመን ለንደን ውስጥ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የቀብር አስፈጻሚ ነበር። ዕድሜው ወደ 66 ሲጠጋ ከ91 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት፣ ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ጀልባ ቅዘፍ ተባለ፤ ቀዘፈ፤ የምግብ ፍላጎቱ ጨመረ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች አስተወውና በዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ወረደለት። እ.ኤ.አ. በ1863 ይህንኑ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙ ግስ እስኪሆን ድረስ ዝነኛ ሆነ፤ ስዊድኖች ዛሬም ክብደት ለመቀነስ መብል መቀነስን «ባንታ» ይሉታል። ባንቲንግ 81 ዓመት ኖረ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ዘመቻ አልዘመተም፤ ዕለት ዕለት የሚበላውን ነው የለወጠው።

ዘመቻውን የዘመቱት አሜሪካኖች ናቸው። በቴሌቪዥን ውድድር በጥቂት ወራት ውስጥ በአማካይ ከ50 ኪሎ በላይ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ አብዛኛው ክብደት ተመልሶ ነበር። ሰውነታቸውም ቀን ከቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ያህል አንሶ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሰውነት ክፉ ቀን የመጣ መስሎት በሩን ይዘጋል እንደማለት ነው። በአንጻሩ እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ቀንሰው ከዓመት በላይ ያጸኑ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የአብዛኞቹ ኑሮ ሲታይ ተአምር የለውም፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ በየጊዜው ይመዘናሉ።

የአክስቴ ልጅ ይህን መዝገብ አያውቀውም፤ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው። ደብረ ብርሃን እህል ይነግዳል። በ2005 ዓ.ም. ሐኪም ሲመዝነው 121 ኪሎ ሆነ፤ ስኳሩም ድንበር ላይ ነበር። መጀመሪያ ሎሚና ሙቅ ውሃ ይዞ ሦስት ሳምንት ራሱን ቀጣ፤ 8 ኪሎ ወረደ፤ በፋሲካ 10 ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የቀየረው። ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ባጃጅ መያዝ ተወ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ጠዋት ማታ ይሄዳል። ሻዩን ያለ ስኳር ለመደ፤ አንድ ዓመት ያስጠላው ነበር። ቢራውን ለዓመት በዓል ብቻ አደረገው። ከትሪ መብላት ትቶ ለብቻው በሰሃን ማስቀረብ ጀመረ፤ ይሄኛው ከሁሉም ከብዶት ነበር፣ በእኛ ቤት ለብቻ መብላት ኩርፊያ ነዋ! በ2008 ዓ.ም. 87 ኪሎ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንኮበር አካባቢ ለተዝካር ሄድን። እናቱ፣ እትዬ፣ ልጃቸውን ካዩት ከርመዋል። ገና በሩ ላይ እንዳዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄን ምን በላብኝ?» አሉ። እሱም «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ እኔው ራሴ ነኝ የቀነስኩት» አለ። «ማን ነው ፈልጎ የሚከሳ?» አሉት። ሌሊቱን አልቀሱ አደሩ፤ በነጋታው ጠበል ካልወሰድኩት ብለው ተነሱ። ሴቶቹ ሚስቱን ጓዳ አስገብተው ሲመረምሯት ዋሉ። እትዬ 77ን በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። እሳቸው ራሳቸው 50 ኪሎ የሚሞሉ አይመስለኝም፤ ዕድሜ ልካቸውን አልዩ አምባ ወርደው የወጡ ናቸው። የልጃቸው ቦርጭ ግን ለእሳቸው ያ ረሃብ ማለፉን የሚያረጋግጥላቸው ማስረጃ ነበር። ማስረጃውን ይዞባቸው ጠፋ።

የአክስቴን ልጅ ያዳነው ክርክር አይደለም። «ለጤናዬ ነው» ቢል «ጤናህማ ጠፋ» ይሉታል። በኋላ ብልሃት አገኘ። ጉርሻ ሲመጣ «ሐኪም ጾም አዞኛል፤ እስክሞት አይፈታም» ይላል። ጾም ሲባል እጅ ይመለሳል። እትዬም ቀስ በቀስ ለመዱት። አሁን እሱ ሲመጣ ቂንጬውን ያለ ቅቤ ለይተው ያስቀምጡለታል፤ ለጎረቤትም «የእሱ ጾም ነው» ብለው ያስረዳሉ። ሐኪሙ ያን የመሰለ ትእዛዝ ሰጥቶት እንደማያውቅ የምናውቀው እሱና እኔ ነን፤ አሁን ደግሞ እናንተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ክብደቱ በ88ና በ92 መካከል ይወጣል ይወርዳል፤ በተለይ በፋሲካ ሰሞን ይወጣል። ስኳሩ ከድንበሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ጊዜ መርካቶ ጭነት ሊያራግፍ መጥቶ ስንገናኝ፣ አብሮን የነበረ አንድ የድሮ ደንበኛው ከራስ እስከ እግሩ አየውና «ምነው ከሳህ?» አለው። እሱም «ከከሳሁማ ስንት ዓመቴ!» ብሎ ወደ ጭነቱ ሄደ።