ቀኑን የሚያውቅ ገንዘብ

ድኻን የሚጎዳው ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያገኘውን መቼ እንደሚያገኘው አለማወቁም ነው። ባለጸጋ ነገ የሚበላውን ስለሚያውቅ ዛሬ በእርጋታ ያስባል፤ ችግረኛ ግን ነገ ስለጨለመበት ዛሬ በእጁ ያለውን በርካሽ ይሰጣል። አባቶቻችን «የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል» ያሉት ይህን አይተው ነው። ነፋስ ዱቄትን እንደሚበትን ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን መጠጊያ ሲጠፋ ጠላትም መጠጊያ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ ለወጣት አንባቢዎቼ ላስረዳ የምፈልገው፣ ጥቂት ገንዘብ በታወቀ ቀን ሲደርሰው የአንድ ድኻ ገበሬ ቤት እንዴት እንደሚጸና፣ ቀኑ ሲፋለስም እንዴት እንደሚናጋ ነው። ምስክሬም የአገራችን የቅርብ ታሪክ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረሀብ አለቀ። ዝናቡ ቀርቶ አዝመራው ስለጠፋ፣ ብዙ ሰው የረሀቡ ምክንያት የእህል ማነስ ብቻ ይመስለው ነበር። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሀብ መርምሮ ሌላ ነገር አሳየ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረሀቡ ክፋት አልናረም ነበር፤ ከዚያው ከተራበው ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል? ቢባል፣ ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አብሮ አጥቶ ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢጮኽ ገበያ አይሰማውም። ነጋዴ እህሉን የሚወስደው ረሀብ ወዳለበት ሳይሆን ገንዘብ ወዳለበት ነው።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ሌላ ታላቅ ረሀብ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ መንግሥት በየዓመቱ የተራበውን እየቈጠረ ለጋሾችን ሲጠይቅ ኖረ። በ1995 ዓ.ም. የተቈጠረው ችግረኛ ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበር። በእርዳታ የመጣው ስንዴ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን እርዳታው ተጠይቆ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከወደብ ተራግፎ፣ ተራራውን ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ ወራት ያልፋሉ። መቼ እንደሚመጣ፣ ለማንስ እንደሚዳረስ ገበሬው አያውቅም። ስለዚህ ስንዴው ሲደርስ ሰውየው በሕይወት ይገኛል፤ በሬው ግን ተሽጧል።

የገበሬ ቤት የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይበላ የነበረው አንድ ጊዜ ይሆናል። ቀጥሎ ዶሮውና ፍየሉ ይሸጣሉ። በዚያ ወራት ጎረቤት ሁሉ ስለሚሸጥ የፍየሉ ዋጋ ይወድቃል፤ ጎረቤት ሁሉ እህል ስለሚሻም የእህሉ ዋጋ ይወጣል፤ ድኻው በሁለቱም በኩል ይከስራል። ከዚያ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ በአራጣ ይበደራል፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት አውጥቶ ለሰው እረኛ ያደርገዋል። አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከክፍል መዝገብ በመጀመሪያ የሚጠፋው ስም ብዙ ጊዜ የሰነፍ ተማሪ ስም አይደለም፤ በቤቱ እህል ያለቀበት ልጅ ስም ነው። በመጨረሻም ገበሬው በሬውን ይሸጣል። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል፤ ምንም በሬ የሌለው ግን ክረምቱ ቢያምርለትም መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ሲጠብቅ ይኖራል።

ይህን ለመለወጥ ታስቦ በጥር ወር 1997 ዓ.ም. በገጠር ባጭሩ «ሴፍቲኔት» እየተባለ የሚጠራው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ወጪውን የሸፈኑት መንግሥትና ለጋሾች በኅብረት ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያዘ፤ ቀጥሎም ቍጥሩ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነበር፤ ይኸውም በየዓመቱ የሚራበው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ እርዳታውም አስቀድሞ የታወቀ ይሁን የሚል ነው። በዋግ ኽምራ፣ በሰሜን ወሎና በሌሎችም ብዙ ወረዳዎች፣ ጉልበት ያለው ሰው የእርሻ ሥራ በማይበዛበት ወራት፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ፣ እርከን ይሠራል፣ የተራቆተ ኮረብታ ይከልላል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ያወጣል። ለቤተሰቡ እያንዳንዱ ነፍስ በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰብ ነበር። የሚሠራላቸው የሌላቸው ሽማግሎች፣ አሮጊቶች፣ ሕመምተኞችና አካል ጉዳተኞች ደግሞ «ቀጥታ ድጋፍ» በተባለው ክፍል ሳይሠሩ ይቀበላሉ።

በመጀመሪያ የአንድ ቀን ሒሳብ 6 ብር ነበር፤ በእህል ለሚከፈለው ደግሞ 3 ኪሎ ነበር። እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ሁሉ በሙሉ ከተከፈለው በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኝ ነበር ማለት ነው። ይህ ለከተማ ሰው ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የሚመጣበት ቀን የታወቀ 150 ብር ካልታወቀ 300 ብር ይበልጣል። ቀኑን የሚያውቅ አባት ፍየሉን በግማሽ ዋጋ ስጠን የሚለውን ነጋዴ «አይሆንም፤ እስኪወፍር ይቆይ» ይለዋል። አራጣ አበዳሪውንም ደጅ አይጠናም። እናትም የዘሩን እህል ከጎተራው አታወጣም፤ ልጁም ደብተሩን ይዞ ይውላል። ገንዘቡ ለድኻው ከሰጠው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ «አይሆንም» የማለት አቅም ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትለውታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው ጊዜ የብዙ ተረጂዎች ኑሮ በአማካይ እምብዛም አልተለወጠም ነበር፤ አንዱም ምክንያት የደረሳቸው ክፍያ ከታሰበላቸው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። በ2014 የወጣው ሌላ ጥናት ግን አምስት ዓመት ሙሉ የተከፈላቸውን ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ የረሀቡ ወራት ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረላቸው፣ ከብታቸውም በመጠኑ እንደ በዛ አገኘ። ፕሮግራሙ ያው አንዱ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ቃሉ ሳያቋርጥ በመጠበቁ ነው።

«ገንዘብ በእጁ የገባለት ድኻ ይሰንፋል» የሚል ክርክር በየአገሩ አለ። ሜክሲኮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ወደ ጤና ጣቢያ ለሚወስዱ ድኾች እናቶች ገንዘብ መክፈል ስትጀምር ይህ ተብሎ ነበር። በ2017 የታተመ ምርምር ግን በሜክሲኮ፣ በሆንዱራስ፣ በኒካራጓ፣ በሞሮኮ፣ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዢያ የነበሩትን ሰባት የመንግሥት ክፍያዎች መርምሮ፣ ሰዎቹ ሥራ እንደ ተዉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህም አያስደንቅም። በሬው የተሸጠበት ሰው ነው እንጂ በሬው የቀረለት ሰው ሥራ አይፈታም።

ሆኖም የዚህን ነገር ደካማ ጎን መሸሸግ አይገባም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በዓለም ሁሉ፣ በአገራችንም እጅግ ወጣ። የቀኑ ሒሳብ ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም። ኪሎው 2 ብር በሆነ ጊዜ 6 ብር ሦስት ኪሎ ይገዛል፤ ኪሎው 4 ብር ሲገባ ግን 8 ብር የሚገዛው ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ከገንዘቡ ይልቅ እህሉን መረጡ፤ መምረጣቸውም ከማስተዋል ነበር። ክፍያው ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ሲዘገይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ይመጣል ብሎ ዱቤ የገባው ሰው ፍየሉን የሚሸጠው ያን ጊዜ ነውና። ከዚህም በላይ ገንዘቡ መሬት የጠበበበትን ሰው መሬት አያሰፋለትም፤ ዝናብም አያመጣም። ከውድቀት ይይዛል እንጂ ብቻውን አያበለጽግም።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህ ታሪክ የመንግሥትና የለጋሾች ብቻ አይምሰላችሁ። እኔ በምኖርበት በልደታ፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ አባትና እናቱን በገጠር ትቶ የመጣ ሠራተኛ ብዙ ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ፣ ፋሲካ ወይም እንቍጣጣሽ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይልካል። መላኩ መልካም ነው፤ በጉ ይታረዳል፤ ጎረቤትም ያመሰግነዋል። ነገር ግን ሐምሌ ሲገባ እናቱ ዘሯን ትበላለች። ያንኑ ገንዘብ በዐሥራ ሁለት ከፍሎ፣ ወር በገባ በታወቀ ቀን ቢልከው፣ ምስጋናው ያንስ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን እጅግ ይበዛል። እንዲሁም ልብስ አጣቢ ወይም የቀን ሠራተኛ ያላችሁ፣ ደመወዛቸውን «ነገ ተመለሱ» አትበሉ። ኦሪት የቀን ሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ቤት እንዳያድር ማዘዟ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያደረው ብር ለአሠሪው ያው ብር ነው፤ ለሠራተኛው ግን የአንድ ሌሊት ረሀብ ነው።

ቸርነት በመጠኑ ብቻ አይለካም። ብዙ ሰጥቶ ቀኑን የማያከብር ሰው ድኻውን ደጅ ጠኚ ያደርገዋል፤ ጥቂት ሰጥቶ ቀኑን የሚያከብር ግን ባለቤት ያደርገዋል። እንግዲህ ለመስጠት ባለጸጋ እስክትሆኑ አትጠብቁ፤ ከምታገኙት ላይ የምትችሉትን ጥቂት ለዩ፤ ቀን ቁረጡለት፤ ያን ቀንም አታሳልፉ።