የተጓዦች መታጠቢያና የኮሌራ ወረርሽኝ፦ የካማራንና የኤል ቶር ማቆያ ጣቢያዎች ታሪክ

ከየአገሩ የመጣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ሥፍራ ሲሰፍር፣ ከአንድ ጉድጓድ ሲቀዳና በአንድ መታጠቢያ ሲታጠብ የሚደርሰው የጤና አደጋ ለሕክምና ታሪክ አዲስ ርእስ አይደለም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ እንደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የመንግሥታትን ጉባኤ ያስጠራበት፣ የሰው ደምም ያፈሰሰበት ሥፍራ ጥቂት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ መካ የሚጓዙና ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆች በሁለት ታላላቅ ጣቢያዎች እንዲቆዩ፣ ገላቸውን እንዲታጠቡና ልብሳቸውን በእንፋሎት እንዲያስመክኑ ይገደዱ ነበር። አንደኛው ጣቢያ በየመን ጠረፍ አጠገብ ያለው የካማራን ደሴት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሲና ልሳነ ምድር ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው ኤል ቶር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የነገሩ መነሻ የ1865 ሐጅ ነው። በዚያ ዓመት ኮሌራ መካ ገብቶ፣ በዘመኑ ግምት መሠረት ከ90,000 ያህል ሐጃጆች መካከል 15,000 የሚሆኑትን ፈጀ። ከሞት የተረፉት በመርከብ ወደ ስዌዝ፣ ከዚያም በባቡር ወደ እስክንድርያ ሲመለሱ በሽታው አብሯቸው ተጓዘ፤ ብዙም ሳይቆይ የሜዲትራንያንን ወደቦች አዳረሰ። የኢትዮጵያም ምድር አልዳነችም። በ1866 ኮሌራ በጣና ዳርቻ በሰፈረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ሠራዊቱም ቆላውን ለቆ ወደ ደጋው በጌምድር ለመነሣት ተገደደ። በዚያን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኞች ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ያየውን ጽፎ አቆይቷል። የዘመኑ ሰው በሽታውን ፈንግል ይለው ነበር። ዛሬ ይህ ስም የሚታወቀው በዶሮ በሽታነቱ ነው።

በዚያው በ1866 መንግሥታት በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው ስለ ኮሌራ መከሩ። ጉባኤው ከደረሰባቸው ውሳኔዎች አንዱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። ኮሌራን ለመከላከል ከሁሉ የሚበልጠው አጥር ሰፊ በረሓ ነው፤ ለብዙ ቀናት በበረሓ የሚጓዝ የግመል ቅፍለት በሽታውን ወደሚደርስበት አገር ይዞ አይገባም የሚል ነበር። የፈረንሳይ መልእክተኞችም ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የባሕሩ መንገድ ተዘግቶ ሐጃጆች በየብስ ብቻ ይመለሱ ሲሉ አሳሰቡ። ምክንያቱን በትክክል ባያውቁትም ያስተዋሉት ነገር እውነትነት ነበረው። የኮሌራ ተሐዋስያን ወደ ሰው አካል ከገቡ በኋላ በሽታው የሚገለጠው ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በመሆኑም በረጅሙ የበረሓ ጉዞ ላይ የታመመው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል። የእንፋሎት መርከብ ግን ብዙ መቶ ሰው በአንድ የውኃ ማከማቻና በጥቂት መጸዳጃዎች ላይ አጨናንቆ በጥቂት ቀናት ከወደብ ወደብ ያደርስ ነበር። የስዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ደግሞ መርከቡ በቀጥታ ወደ አውሮፓ ባሕር መግቢያ አገኘ። ከዚያ ወዲያ መንገደኛውን ወደ ግመል መመለስ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በረሓው ይሠራው የነበረውን ሥራ ለመታጠቢያ ቤትና ለእንፋሎት ጋን ለመስጠት ተሞከረ።

የኦቶማን መንግሥት የካማራንን ጣቢያ በ1882 ሥራ አስጀመረ። ከሕንድና ከጃቫ የሚመጡ ሐጃጆች ጅዳ ከመድረሳቸው በፊት በዚህ ደሴት ላይ ይወርዳሉ። ልብሳቸውና ጓዛቸው ይወሰዳል፤ እነርሱም ይታጠባሉ፤ ከዚያም የተወሰነው ቀን እስኪያልቅ ድረስ ይቆያሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን የማቆያውን ክፍያ የሚከፍለው ራሱ ሐጃጁ ነበር። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አሟጥጦ ለወጣ ደሃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐጃጆቹ በየጊዜው ካሰሙት አቤቱታ ውስጥ ክፍያው፣ የምግቡ ውድነትና የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ማነስ ዋናዎቹ ነበሩ።

የመጨረሻው አቤቱታ ከሕክምና አንጻር ሲታይ ከሁሉ የከበደው ነው። ጆን ስኖው በ1854 በለንደን ኮሌራ በመጠጥ ውኃ እንደሚተላለፍ አመልክቶ ነበር፤ ሮበርት ኮኽም በ1884 ካልካታ ላይ ተሐዋሲውን ለይቶ አሳወቀ። ይህ ከታወቀ በኋላ እንኳ የጣቢያዎቹ ትልቁ ወጪና ትጋት በልብስና በገላ ላይ እንዳተኮረ ቆየ። እንፋሎቱ ፋይዳ አልነበረውም ማለት አይደለም። በትውከትና በሰገራ የተበከለ ልብስ በሽታ ያስተላልፋል፤ ቅማልን ማጥፋቱም ለሌሎች ወረርሽኞች መከላከያ ሆኗል። ነገር ግን አንድ ሰው ገላውን ታጥቦና ልብሱ መክኖ ሲወጣ የሚጠጣው ውኃ የተበከለ ከሆነ፣ መታጠቢያው ከኮሌራ አላዳነውም።

በ1893 በሐጅ ወቅት የተነሣው ኮሌራ እጅግ የከፋ ነበር። ከዚያ በኋላ በሒጃዝ ከተሞች የእንፋሎት ማምከኛ መሣሪያዎች ተተከሉ። ሕዝቡ ግን መሣሪያዎቹን በጥርጣሬ አየ፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሰውን ይገድላሉ የሚል ወሬም ተነዛ። በግንቦት ወር 1895 ከጅዳ ቅጥር ውጪ በእግር ይንሸራሸሩ በነበሩ የአውሮፓ ቆንስሎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። የተገደለው የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል ዶክተር አብዱር ረዛቅ ነበር። ይህ ሰው ሕንዳዊ ሙስሊም ሐኪም ሲሆን፣ ከ1878 ጀምሮ የሐጃጆችን ጤንነት እንዲከታተል ተመድቦ የእንግልታቸውን ነገር በሪፖርቶቹ ያሳውቅ የነበረ ነው። በዚያው ሰሞን በመካና በጅዳ የነበሩት ማምከኛዎች ተሰባበሩ። የግድያው ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በአካባቢው የፖለቲካና የገቢ ቅሬታም ነበር። ሆኖም ሰው ያለ ፈቃዱ እየተገፈፈ፣ ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሳይነገረው የሚገባበት መታጠቢያ ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሚያከማች የጅዳው ሁከት ያሳያል።

በፓሪስ በ1894 የተደረገው ጉባኤ የሐጅን ጉዞ ለብቻው የመረመረ ነበር። በ1903 በዚያው ከተማ የተፈረመው ስምምነትም ካማራን የሚወርዱ ሐጃጆች የገላ መታጠቢያ ወይም የባሕር መታጠቢያ እንዲጠቀሙ፣ የቆሸሸ ልብሳቸውም እንዲመክን አዘዘ። በሽታ ያልታየበት መርከብ ከሆነ ግን መውረዱና መሳፈሩ ጭምር ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ገደብ አደረገ። በኤል ቶር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እስክንድርያ በነበረው ዓለም አቀፍ የጤና ምክር ቤትና በፕሬዚዳንቱ በአርማንድ ሩፈር ጊዜ፣ ጣቢያው በሽቦ አጥር የተለያዩ ክፍሎች፣ ሆስፒታልና ላቦራቶሪ ነበሩት። ሰዎችን በትናንሽ ቡድን መክፈሉ ከእንፋሎቱ ይልቅ የጠቀመ ይመስላል፤ አንድ ቡድን ከሌላው ጋር ውኃና መጸዳጃ አይጋራምና።

ከዚያ ላቦራቶሪ የወጣው ግኝት ግን የጠቅላላውን አሠራር መሠረት የሚያናጋ ነበር። በ1905 ጎትሽሊክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ከሐጅ ተመልሰው በኤል ቶር ከሞቱ ስድስት ሰዎች አስከሬን የኮሌራን የሚመስል ተሐዋሲ አገኘ። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ የኮሌራ ምልክት አልታየባቸውም። ለብዙ ዓመታት ይህ ተሐዋሲ እውነተኛ ኮሌራ ነው፣ አይደለም የሚለው ሲያከራክር ቆየ። በ1961 ከኢንዶኔዢያ ደሴት ከሱላዌሲ የተነሣው ሰባተኛው የኮሌራ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ክርክሩን ፈታው፤ ያመጣው ይኸው ኤል ቶር የተባለው ዝርያ ነበርና። ወረርሽኝን ለመግታት የተሠራ ጣቢያ ስሙን ለወረርሽኝ ሰጠ። ይህ ዝርያ በብዙ ሰዎች አካል ውስጥ ያለ ምልክት ይኖራል፤ በውኃም ውስጥ ከቀድሞው ዝርያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ መርከብ ላይ ወጥቶ የታመመውን ከጤነኛው በዓይን የመለየቱ ሥራ ብዙውን ተሸካሚ እንደሚያሳልፍ ግልጽ ሆነ። ወረርሽኙ በ1970 ኢትዮጵያ ደረሰ።

በሐጃጆች ላይ ብቻ ይሠራ የነበረው ልዩ የኳራንቲን ደንብ የቀረው ከ1956 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ በጅዳ የራሷን ማቆያ ጣቢያ ከፈተች፤ የዓለም የጤና ጉባኤም ልዩ ደንቦቹን እንዲነሡ ወሰነ። በ2020 የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሐጁ በሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ 1,000 ያህል ሰዎች ብቻ ተፈቀደ፤ የዘምዘም ውኃም ለየሰዉ በታሸገ ጠርሙስ ታደለ። መከላከያው በዚህ ጊዜ የጋራ የነበረውን የግል ማድረግ ነበር።

ይህን ማድረግ በሁሉም ሥፍራ የሚቻል አይደለም። በ2023 ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ሥፍራ ኮሌራ ገብቶ፣ ከየአካባቢው የመጡ ምእመናን በበሽታው ተይዘዋል፤ ሲመለሱም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛምቷል። ጠበል የጋራ ነው፤ በታሸገ ጠርሙስ ብቻ ይታደል ቢባል ምእመናኑ አይቀበሉትም፤ ማስገደድም በጅዳ የታየውን ይመስላል። በእንዲህ ያለው ሥፍራ ለጤና ባለሙያው የሚቀሩት ሥራዎች የታወቁ ናቸው። የሚጠጣውን ውኃ በክሎሪን ማከም፣ መጸዳጃውን ከምንጩ ርቆና ዝቅ ብሎ እንዲቆፈር ማድረግ፣ ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ማቅረብ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በየድንኳኑ ማዳረስና ከአጥማቂዎቹ ካህናት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ናቸው።