ጨረራ የሕዋስን ሽፋንና የሕዋሳትን መያያዝ እንዴት እንደሚነካ፤ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ

መግቢያ

ጨረራ በሕያው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በተነገረ ቁጥር አብዛኛው ሰው የሚያስበው ውርስ የሚጠበቅበትን የሕዋስ እምብርት ብቻ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ሕዋስ እምብርት ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን የሚከልለው እጅግ ቀጭን ሽፋን አለው፤ በሽፋኑም ላይ ከጎረቤቱ ሕዋስ ጋራ የሚያያዝባቸው ፕሮቲኖች ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ የሊቃውንት አሳብ ከእምብርቱ ወደ ሽፋኑ እንዴት እንደ ሰፋና ነገሩ ለአገራችን፥ ይልቁንም እንደ ከሚሴ ከሕክምናው ማእከል ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ምን ጥቅም እንዳለው ነው። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

1. የጨረራ ታሪክና የኢትዮጵያ ታሪክ

ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አራት ወር ሳይሞላ፥ የካቲት 23 ቀን በዚያው ዓመት የዓድዋ ጦርነት ሆነ። በግንቦት ወር 1896 ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል፥ በኢትዮጵያው ዘመቻ ቈስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በኤክስሬይ መርምሮ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ይህም ኤክስሬይ ለጦር ሜዳ ቁስለኛ ከዋለባቸው ጊዜያት የመጀመሪያው ተብሎ ይቈጠራል። ዛሬ በየሆስፒታሉ «ራጅ» የምንለው ቃልም ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጨረር ማለት ነው።

2. የእምብርቱ ዘመን

ጨረራ ቆዳን እንደሚያቈስልና ጠጕርን እንደሚያረግፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታወቀ። በ1906 ቤርጎንዬና ትሪቦንዶ የተባሉ ፈረንሳውያን፥ ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ሕዋሳት ከሌሎቹ ይልቅ በጨረራ እንደሚጐዱ አስረዱ። በ1927 ኸርማን ሙለር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረገው ሙከራ ኤክስሬይ ውርስን እንደሚለውጥ አረጋገጠ። በ1953 የዲኤንኤ ቅርጽ ሲታወቅ ደግሞ የጨረራ ዒላማ ተለይቶ የታወቀ መሰለ።

ለዚህ አሳብ ጠንካራ ማስረጃ የሰጠው በ1970 የታተመው የመንሮ ሥራ ነው። ይህ ሊቅ ፖሎኒየም ባለበት እጅግ ቀጭን መርፌ፥ ከአንድ ሕዋስ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ በጨረራ መታ። ከእምብርቱ ውጭ ያለው ክፍል ብዙ ጨረራ ተቀብሎ ሕዋሱ ሲተርፍ፥ እምብርቱ ግን በጥቂት መጠን ተመትቶ ሕዋሱ የመከፈል ኃይሉን ያጣ ነበር። ስለዚህ ስለ ሽፋኑ ከዚህ ቀጥለን የምንለው ሁሉ ይህን ማስረጃ የሚሽር ሳይሆን በእርሱ ላይ የሚጨመር መሆኑ አይዘንጋ።

3. ወደ ሽፋኑ መመለስ

ሽፋኑ ራሱ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት ከቀይ የደም ሕዋሳት ቅባቱን አውጥተው በውኃ ላይ ቢዘረጉት፥ ስፋቱ የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ከዚህም ሽፋኑ የሁለት ረድፍ ቅባት ነው ብለው ደመደሙ። በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን፥ ፕሮቲኖቹ በዚህ ቅባት ውስጥ እንደሚንሳፈፉ የሚገልጸውን አሳብ አቀረቡ።

ጨረራ ይህን ሽፋን የሚጐዳበት መንገድ በአብዛኛው በውኃ በኩል ነው። ጨረራው የውኃን ሞለኪል ሲሰብር ጠበኛ የሆነ ቅንጣት ይወለዳል፤ እርሱም ከቅባቱ አንድ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው ቅባት ከኦክስጅን ጋራ ተዋሕዶ ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ክብሪት የደረቀ ሣርን ተራ በተራ እንደሚያቀጣጥል ማለት ነው። ሰንሰለቱን ከሚቈርጡት ነገሮች አንዱ በሽፋኑ ውስጥ የሚገኘው ቪታሚን ኢ ነው።

በዚያው በ1972 አብራም ፔትካው በካናዳ በሰው እጅ በተሠራ ሽፋን ላይ ሲመራመር፥ ጨረራው ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ሽፋኑን ለመቅደድ የሚያስፈልገው ጠቅላላ መጠን እጅግ እንደሚያንስ አየ። ይህ ውጤት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በእኛ አስተያየት ግን ራሱን የሚጠግን ሕያው ሕዋስ በሰው እጅ እንደ ተሠራ ሽፋን ሊቈጠር አይገባም።

ይበልጥ የሚያሳምነው በ1994 የወጣው የሐይሞቪትዝ ፍሪድማንና የባልደረቦችዋ ሥራ ነው። እነርሱ እምብርት የሌለበትን የሽፋን ዝግጅት በጨረራ ቢመቱት፥ ከሽፋኑ ሴራማይድ የተባለ ቅባት ወጣ፤ ይህም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ምልክት ነው። ስለዚህ የሞት ትእዛዝ ከእምብርቱ ብቻ ሳይሆን ከሽፋኑም ሊነሣ እንደሚችል ታወቀ።

4. የሕዋሳት መያያዝ

ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዙት ካድሄሪኖች፥ ከታች ካለው መደብ ጋራ የሚያያይዙት ኢንቴግሪኖች ተለይተው የታወቁት በ1980ዎቹ ነው። ጨረራ በዚህ ረገድ ሁለት ገጽ ያለው ሥራ ይሠራል። በአንድ ወገን የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት የሚያጣብቁ ፕሮቲኖችን ወደ ገጻቸው እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በእነዚህ ተይዘው ወደ ሥጋው ይገባሉ፤ ከሕክምናው በኋላ ለሚታየው ማበጥና መቅላት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሌላ ወገን፥ በኢንቴግሪን አማካይነት ከመደቡ ጋራ ጠብቆ የተያያዘ የነቀርሳ ሕዋስ፥ ብቻውን ከሚንሳፈፈው ይልቅ ጨረራን ይቋቋማል። መያያዙ «በሕይወት ኑር» የሚል ምልክት ይሰጠዋልና።

5. ከሚሴና የሕክምናው መንገድ

በኢትዮጵያ የነቀርሳ የጨረራ ሕክምና በ1990 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ተጀመረ፤ ለብዙ ዓመታትም የአገሩ ሁሉ ተስፋ በዚሁ አንድ ማእከል ላይ ነበር። የኮባልት 60 ኃይል በ5 ዓመት ከ3 ወር ያህል በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ካልተለወጠ ለአንዱ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው አዲስ መሣሪያ በጥቁር አንበሳም በጅማም ሥራ ጀምሯል።

ከከሚሴ የሚነሣ ሕመምተኛ አጣዬን፥ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የባቲው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፥ ለ5 ወይም ለ6 ሳምንት የሚሰጥ ስለሆነ፥ ተመላልሶ መታከም አይቻልም፤ በአዲስ አበባ መሰንበት ግድ ነው። ለማኅፀን ጫፍ ነቀርሳ ጠቅላላው ሕክምና ከ8 ሳምንት እንዳያልፍ ይመከራል፤ በመካከሉ ሲቋረጥ የተረፉት ሕዋሳት እንደ ገና ይበዛሉና። ቆዳው ሲላጥ ወይም ሲቀላ «መድኃኒቱ ጐዳኝ» ብሎ ወደ ቀዬው የሚመለስ ሰው ከዚህ አደጋ ላይ ይወድቃል። መቅላቱ ከላይ የገለጽነው የሽፋንና የመያያዝ ሥራ ያለበት፥ የሚጠበቅና የሚታከም ነገር መሆኑ ግን አስቀድሞ በኦሮምኛም በአማርኛም ቢነገረው፥ ሕክምናውን ለመፈጸም ይበረታል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ አዲሱ እውቀት አሮጌውን እንዳልሻረ ነው። እምብርቱ ዛሬም ዋናው ዒላማ ነው፤ ሽፋኑ ግን ጨረራ በዝምታ የሚያልፍበት ግድግዳ ሳይሆን የሚመልስና የሚያዝ አካል መሆኑ ታውቋል። በአገራችን መሣሪያዎቹ ሲበዙ የሚጠቀምባቸው ባለሙያና ነገሩን በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስረዳ ሰውም አብሮ ሊበዛ ይገባል። የባዮሎጂና የፊዚክስ ተማሪዎች በዚህ ረገድ የሚሠሩት ብዙ ስለሆነ፥ ጥናቱን እንዲቀጥሉበት እናሳስባለን።