ጠጠር የሚሰፈርለት ወንዝ

ጀርመን ውስጥ ከኢፈትስሃይም ግድብ ግርጌ የጭነት ጀልባዎች በየዓመቱ ከመቶ ሺህ ኪዩቢክ ሜትር በላይ ጠጠርና አሸዋ ራይን ወንዝ ውስጥ ይደፋሉ። ሥራው ከ1978 ጀምሮ አልቆመም (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢቆም ወንዙ ወለሉን እየቦረቦረ ይወርድና መርከቦች በግድቡ በር ማለፍ ያቅታቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ባደን ከተባለው የጀርመን ግዛት መሐንዲስ ከዮሃን ጎትፍሪድ ቱላ ነው። በእሱ ዘመን ራይን ከስዊሷ ከተማ ከባዝል ወደ ታች በብዙ ቅርንጫፍ ተበታትኖ፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር መንገዱን እየቀየረ ይፈስ ነበር። ስለ አባይ ማደሪያ ማጣት የሚተረተው ለራይንም ይሠራ ነበር። መንደር ይወስድ፣ ረግረጉም ወባ ያራባ ነበር። ቱላ በ1817 ጠመዝማዛውን እየቆረጠ ውሃውን በአንድ ቦይ መሰብሰብ ጀመረ። እሱ በ1828 ሞተ፤ ሥራው በ1876 ሲያልቅ የላይኛው ራይን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ አጥሮ ነበር።

ያጠረ ወንዝ ቁልቁለቱ ይበረታል፣ ይፈጥናል፣ ይቆፍራል። ወለሉ በሜትሮች ሲወርድ የከርሰ ምድር ውሃውም ተከትሎት ወረደ፤ የዳር ደኖች ደረቁ። ኢስታይን በተባለው ቦታ አጠገብ ደግሞ ተቀብሮ የኖረ አለት ብቅ አለና ለመርከብ እንቅፋት ሆነ!

ቱላን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ያስጨነቀው ጎርፉ እንጂ መርከቡ አልነበረም። ወንዙን ለጭነት ያበጁት ስለ ራይን የመርከብ ጉዞ ከተደረገው ከ1868ቱ የማንሃይም ስምምነት በኋላ የመጡት ናቸው። ከ1907 ጀምሮ ከዳር ወደ መሃል የድንጋይ ካብ ገነቡ። ቀጥሎ ፈረንሳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ባገኘችው መብት፣ ለመርከብም ለኤሌክትሪክም የሚሆን ታላቅ ቦይ በራሷ ዳር፣ በአልዛስ በኩል ቆፈረች። ቦዩ አብዛኛውን ውሃ ስለወሰደ አሮጌው ራይን ጠወለገ። የከርሰ ምድር ውሃው መራቁ ጀርመንን ስላስመረራት በ1956 የቦዩ ዕቅድ ተለወጠ።

ጉዳቱ ታውቆ ነበር ማለት ነው። የወንዙ ግድቦች ግን እስከ 1977 ድረስ በተከታታይ ተሠሩ፤ ወቀሳዬም እዚህ ላይ ነው። ግድቦቹ ከላይ የሚመጣውን ጠጠር ይዘው ስላስቀሩ ከመጨረሻው ግድብ፣ ከኢፈትስሃይም፣ በታች ያለው ውሃ የራሱን ወለል መብላት ያዘ። ጠጠር የመድፋቱ ዘዴ የተመረጠው ሌላ ግድብ ከመጨመር ይሻላል ተብሎ ነው።

ጎርፉ የሚተኛበት ሜዳ ስለተወሰደበትም ወደ ከተሞቹ የሚደርሰው ከቀድሞው ፈጥኖ ነው። የጀርመኑ ክፍለ ግዛት ባደን ቩርተምበርግ በ1996 ባጸደቀው ፕሮግራም በ13 ቦታዎች ለውሃው መተኛ መሬት ለመመለስ ተነሥቷል። ከመካከላቸው ግን እስካሁን ተሠርተው ያላለቁ አሉ።