ጌታነህ ከበደና ከኋላው የፈረሱት ክለቦች

ኢትዮጵያ ከ1968 ዓ.ም. በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ላይ ያስቆጠረችው ጎል ሦስት ብቻ ነው። የመጀመሪያው የአዳነ ግርማ ነው፤ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ፣ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ባለቀው ጨዋታ። ሁለተኛው የዳዋ ሆቴሳ ነው፤ ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ፣ አዘጋጇ ካሜሩን ገና ሳትረጋጋ በ4ኛው ደቂቃ የገባ። ያ ጨዋታ በ4 ለ 1 ሽንፈት አልቋል። ሦስተኛው የመጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ባፉሳም ከተማ ውስጥ ነው። ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ፤ አምበሉ ጌታነህ ከበደ መታው፤ ገባ።

በዚያ ውድድር የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ከጌታነህ ስም ጎን የተጻፈው ክለብ ወልቂጤ ከተማ ነበር።

ይህን ብዙ ሰው ረስቶታል። የሚያስታውሰውም ቢሆን እንደ ቁልቁለት ነው የሚያስታውሰው። ጆሃንስበርግ የተጫወተ፣ ጊዮርጊስ የተጫወተ ሰው በመጨረሻ ወልቂጤ ገባ እየተባለ ይወራል። ክለብ የሚቀያይር ተጫዋች በአገራችን ስሙ አያምርም፤ ገንዘብ አሳዳጅ፣ አንድ ቦታ የማይረጋ ይባላል። የጌታነህን መንገድ አንድ በአንድ ለተከተለ ሰው ግን ጥያቄው ይገለበጣል። ያልረጋው ተጫዋቹ ነው ወይስ የቆመበት መሬት?

ጌታነህ የዲላ ልጅ ነው። ከደቡብ ፖሊስ ተነሥቶ ደደቢት ገባ። በ2005 ዓ.ም. ደደቢት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የጎል አግቢዎቹ አናት ላይ የነበረው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የሆነውን በዕድሜው የደረሰ ኳስ ወዳድ አይረሳውም። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ በበርናርድ ፓርከር ጎል መራች፤ ከዕረፍት በፊት ጌታነህ አቻ አደረገ፤ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረና 2 ለ 1 ተባለ። ደስታው ሳይበርድ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል የሚለው ጉዳይ መጣ፤ 3 ነጥብም ተቀነሰ። ቡድኑ እንደዚያም ሆኖ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ እስከ ናይጄሪያው የመጨረሻ ጥሎ ማለፍ ደረሰ።

ደቡብ አፍሪካዎቹ ግን ጎል ያገባባቸውን ልጅ አልረሱትም። በዚያው ክረምት የጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ ወሰደው። በ1921 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጣ ሽማግሌ ክለብ ነው። ጌታነህ እዚያ ቆየ፤ መሃል ላይም በውሰት ለፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫወተ። በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ዕድል የሚባለውን ነገር ማማት ይቻላል። ዊትስ በታሪኩ ብቸኛ የሆነውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው እሱ በወጣ በዓመቱ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ጌታነህ አዲስ አበባ ላይ በደደቢት ማሊያ 25 ጎል እያገባ ነበር። በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ፤ ለሦስት ዓመት ቆየ፤ ከሦስቱ አንዱ በኮሮና ተሰረዘ፤ ዋንጫ አላየም። ጊዮርጊስ ሊጉን ያሸነፈው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጌታነህ ወልቂጤ ነበር። ዋንጫ ጀርባውን አይቶ የሚመጣ ይመስል ነበር።

የዋንጫው ነገር የዕድል ይሁን። የክለቦቹ ዕጣ ግን በዕድል የሚታለፍ አይደለም። ጎሉን ያዘነበበት ደደቢት ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ተዛወረ፤ በ2011 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ዊትስ በ2020 እ.ኤ.አ. የሊግ ቦታው ሊምፖፖ ላለ ሌላ ክለብ ተሸጠና መቶኛ ዓመቱ አንድ ሲቀረው ጠፋ። አንድ ሰው የተጫወተበትን ማሊያ ለልጁ እያሳየ “ይህ ክለብ ዛሬ የለም” ማለቱ ያሳዝናል። ሁለት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ጥፋቱን በተጫዋቹ ላይ መደፍደፍ ያስቸግራል።

በቅርጫት ኳስ ዓለም የታወቀ አንድ ተንቀሳቃሽ አለ። ኢሽ ስሚዝ ይባላል፤ አሜሪካዊ ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳሱን ከኋላ ይዞ ወጥቶ ጨዋታውን የሚያደራጅ ሰው። በኤንቢኤ 13 ቡድን ተጫውቷል፤ ይህን ያህል ቡድን የቀየረ ሌላ የለም። በ13ኛው ቡድን፣ በዴንቨር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የሻምፒዮና ቀለበት አጥልቋል። አሥራ ሦስቱም ቡድኖች ዛሬም በየቦታቸው አሉ። ስሚዝ ነበር የሚሄደው እንጂ ቤቱ አልፈረሰም። እንዲያውም ቡድኖቹ እርስ በርስ ሲለዋወጡት በእሱ ምትክ ሌላ ነገር ይቀበሉ ነበር፤ ጉዞው ራሱ ዋጋ ነበረው።

በእኛ ሊግ ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ክረምት ሲመጣ ተጫዋቹ ነጻ ነው፤ የሚሸጠው የለም፤ ክለቡም ሲሄድበት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያገኝም። ከክለቦቹ ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ናቸው፤ የሚኖሩት በበጀት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው እኩል ከሆነ ተጫዋች የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ደመወዙ በወሩ ይገባል ወይ? ከተማው ለሚቀጥለው ዓመት ብር አለው ወይ? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ገንዘብ አሳዳጅ ከተባለ ደመወዝተኛ ሁሉ ገንዘብ አሳዳጅ ነው።

ወልቂጤ ከተማ፣ ደጋፊው “ሠራተኞቹ” የሚለው ቡድን፣ ፕሪምየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትገኝ የዞን ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ያኔ በዚያው ዞን ሥር የነበረችው ቡታጅራም የራሷ ክለብ ነበራት፤ እሱ ግን ከታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ነበር የሚታገለው። ስለዚህ የጉራጌ ልጅ፣ መርካቶ ያለውም ቡታጅራ ያለውም፣ በትልቁ ሊግ “የኔ” የሚለው ወልቂጤን ሆነ።

ለዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ መሄድ ነውር አይደለም። ሄዶ ሠርቶ ለመስቀል መመለስ የኖረ ሥርዓት ነው። የተመለሰው ሰው ግን ጀፎረው ዳር ያለውን ቤት ቆሞ ያገኘዋል። አባትየው ቢያርፍ እንኳ ቤቱ አለ፤ ጀፎረው አለ። የሚሄደውን ሰው የሚያስመካው ይህ ነው።

የብሔራዊ ቡድኑ አምበል በ2014 ዓ.ም. የወልቂጤን ማሊያ ሲለብስ ከተማዋ እንግዳዋን በደጇ አልተቀበለችም። ሊጉ የቴሌቪዥን ስርጭት ካገኘ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ነው የሚጫወቱት፤ ወልቂጤ ከእነዚያ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። ደጋፊው አምበሉን ያየው ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እንደ አርሰናልና ማንቸስተር ነው። የሜዳ መግቢያ ትኬት የለ፣ በጨዋታ ቀን የሚደምቅ ምግብ ቤት የለ፤ ክለቡ ለከተማው ወጪ ብቻ ሆነ።

ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ቤት አልነበረውም። ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች በማገዱ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን “በሜዳዋ” ያስተናገደችው ሶዌቶ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። አንድሬ አየው በቅጣት ምት ጋናን ቀዳሚ አደረገ፤ ከዕረፍት በኋላ ጌታነህ አቻ አደረገ። የዊትስ ልጅ ዊትስ ከሌለበት ጆሃንስበርግ ተመልሶ፣ ሊጉ የማይደርስባት ከተማ ተጫዋች ሆኖ፣ ለአገሩ በሰው አገር “በሜዳው” ጎል አገባ። በዚያ ዓመት የእግር ኳሳችንን ሁኔታ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የባፉሳሙ ፍጹም ቅጣት ምት መጣ። በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ከ30 በላይ ጎል አግብቷል።

ጌታነህ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጎንደር ሄዶ ለፋሲል ከነማ ተጫወተ። በ2017 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ በ18 ክለቦች ሲጀመር የሠራተኞቹ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ፋሲል ነበረ።