«ሰባ ሰባት» የትኛው ሰባ ሰባት ነው? ሁለት ግልባጮችን በኮምፒውተር ስለማመሳከር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቂርያት መላኪ፣ በገደራና በያቭኔ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ስለ ሱዳኑ ጉዞ ሲናገሩ ድምፃቸውን ቀርጬ ነበር። እያንዳንዱን ቅጂ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ ጽሑፍ ገለበጡት። አንዷ ጎንደር ተወልዳ እዚያው ፊደል የቆጠረች ናት። ሌላው ገደራ ያደገ፣ አማርኛውን ከቤት የሰማ፣ ፊደሉን ግን ካደገ በኋላ የተማረ ወጣት ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱን አመሳክሮ አንድ የታረመ ጽሑፍ ማውጣት ነበር። ስህተቱም የእኔው ነው።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዲፍ የተባለው ፕሮግራም በአሜሪካ ቤል ላብስ ተሠርቶ በ1974 ከዩኒክስ አምስተኛ እትም ጋር ወጣ። አሠራሩን ዳግላስ ማክኢልሮይና ጄምስ ሀንት በ1976 በጽሑፍ አብራርተዋል። ዲፍ ሁለት ፋይሎችን መስመር በመስመር አስተያይቶ የተጨመረውን፣ የተቀነሰውንና የተለወጠውን ይዘረዝራል። በ1985 ላሪ ዎል ፓችን አወጣ። የስሙ ትርጉም እራፊ ነው፤ የዲፍን ዝርዝር ተቀብሎ አሮጌውን ፋይል ይጥፈዋል። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ ደግሞ ማይክል ኪፈር የጻፈው ኢዲፍ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በቀለም ያሳያል።

ሁለቱን ግልባጮች በኢዲፍ ስከፍት ገጹ በሙሉ ቀለም ሆነ። ለምን ቢባል፣ አንዷ «ሐገር» ስትል ሌላው «ሀገር» ይላል፤ አንዷ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ላይ አንቀጹ ሁሉ በአንድ ረጅም መስመር ስለተጻፈ፣ አንዲት ፊደል ብትለይ አንቀጹ በሙሉ እንደተለየ ይቆጠራል። መቶ ያህሉን አይቼ ሁሉም የፊደል ጉዳይ ሲሆንብኝ ደከመኝ። የወጣቱ ጽሑፍ በአጻጻፍ ወጥ ነበርና የቀረውን ሳላነብ በእሱ እርማት ፓች አድርጌ ዘጋሁት።

በኋላ አንዲት የቂርያት መላኪ እናት ዘንድ ጽሑፉን ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ።

«ምን አልክ ልጄ? ያኔማ እኔ ገና መንደሬ ነበርኩ እኮ!»

ድምፁን መልሼ ሰማሁት። የተናገሩት «በሰባ ሰባት ወጣን» ብቻ ነው። ሴትየዋ «1977 ዓ.ም.» ብላ ገልብጣዋለች፤ ወጣቱ «1977 እ.ኤ.አ.» ብሎ ጽፎታል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ፊደል ነው፤ ትርጉሙ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ይርቃል። በ1977 እ.ኤ.አ. በሁለት ጊዜ በረራ ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎች በቀጥታ ከኢትዮጵያ መጥተዋል። በ1977 ዓ.ም. ግን ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 27 (5 ጃንዋሪ 1985) ዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 ሰዎችን ከሱዳን አወጣ። በመንገድና በካምፖቹ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። እኚህ እናት ልጃቸውን የቀበሩት እዚያ ነው። የእኔ እራፊ ያንን መቃብር ከታሪኩ ነቅሎት ነበር፤ አንባቢ ቀኑን አይቶ «ይህማ አይገጥምም፣ ተሳስተዋል» ሊል ይችል ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየራሱ መስመር አስቀምጣለሁ፤ አራት ነጥብ ባለበት መስመሩ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ለማየት ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ አወጣለሁ። በእሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ሁለት ነጥቡም (፡) ወደ ክፍት ቦታ ይለወጣል፤ ዲፍን «ክፍት ቦታን ችላ በል» ብንለው እንኳ ሁለት ነጥቡን እንደ ክፍት ቦታ አያየውምና። ከዚህ ቅጂ ግን ፓች አይወጣም። ፓች እርማቱ የት እንደሚገባ የሚያውቀው ከላይና ከታች ባሉት መስመሮች ነው፤ ፊደላቸው ከተለወጠ ከዋናው ጋር አይገጥምም፣ እርማቱን ወደ ጎን ይጥለዋል። ሦስተኛ፣ ፓች ፋይሉን ሳይነካ እንዲሞክረው አዛለሁ፤ ዋናውም ቅጂ ሁልጊዜ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። አራተኛ፣ ቁጥርና ቀን ባለበት መስመር ላይ ድምፁን ሳልሰማ አልወስንም።

ወጣቱን አልወቅስም፤ እዚህ አገር አድጎ «ሰባ ሰባት» ሲባል ሌላ ምን ይታሰበው? መሣሪያውም ሥራውን ሠርቷል፤ ልዩነቱን በቀለም አሳይቶኝ ነበር። አላየሁትም እንጂ።

ጽሑፉን አርሜ እንደገና ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና፣ «እንዲህ ነው» አሉኝ። አሁን በግልባጩ ላይ «በሰባ ሰባት» የሚለው እንደተናገሩት ቆሟል፤ ዓ.ም. የሚለው ማብራሪያ ከጎኑ በቅንፍ ተቀምጧል።